የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የትኛው ፓይተን ነው የመለሰው?

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አምስት ደብዳቤዎች ሁሉም ስለ ፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ የተላኩ ናቸው፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ስለ ቋንቋው ሰዋስው አይጠይቁም። ጸሐፊዎቹ የተቸገሩት ከዚያ በፊት ባለው ደረጃ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ለሥራ በማዘጋጀቱ ላይ ነው። ይህ ደረጃ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ ገጽ ታልፎ የሚኬድ ቢሆንም፣ ጀማሪዎች «እኔ ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም» ብለው ተስፋ ሲቆርጡ ያየሁት እዚሁ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ለመመለስ ወስኛለሁ። ትእዛዞችንና የስሕተት መልእክቶችን በፊደላችን ያሰፈርናቸው እንደሚነበቡ ነው፤ አንባቢ ወደ ኮምፒውተሩ ሲያስገባቸው በላቲን ፊደል መጻፍ ይኖርበታል። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ተማሪ ነኝ፤ ላፕቶፔ የሚሠራው በዊንዶውስ 11 ነው። ፓይተንን ከራሱ ድረ ገጽ አውርጄ ጫንኩ። በኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) ላይ «ፓይተን» ብዬ ስጽፍ ግን የማይክሮሶፍት ስቶር መስኮት ተከፈተብኝ፤ ስለዚህ ከስቶሩም ደግሜ ጫንኩ። ቀጥሎ የፓይተን መጫኛ በሆነው በፒፕ አማካይነት ፓንዳስ የተባለውን ላይብረሪ (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) ስጭን በትክክል እንደተጫነ ተነገረኝ። ኮድ በምጽፍበት ፕሮግራም፣ በቪኤስ ኮድ ላይ፣ ኮዴን ሳስኬድ ደግሞ «ፓንዳስ የሚባል ሞጁል የለም» ይለኛል። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ እንደገና ብጭነውም ለውጥ የለም። ምን ላድርግ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ አራተኛ ጊዜ እንዳያጠፉት እለምንዎታለሁ። አጥፍቶ መጫን አንዳንድ ጊዜ ችግሩን ያስወግዳል፤ መንሥኤውን ግን አብሮ ስለሚደብቀው በሌላ ቀን ያው ችግር ሲመለስ ሰውየው ከዜሮ ይጀምራል። በእርስዎ ላፕቶፕ ላይ የተበላሸ ነገር አለ ብዬ አላምንም። ያለው ነገር ሁለት ፓይተን ነው፤ አንዱ ከድረ ገጹ፣ ሌላው ከስቶሩ የመጣ ነው። ፓንዳስ የተጫነው ለአንዱ ሲሆን ኮድዎን የሚያስኬደው ሌላኛው ነው። ሁለቱም የነገሩዎት እውነቱን ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት ፓዝ የሚባለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ ላይ አንድ ስም ሲጽፉ ኮምፒውተሩ ዲስኩን ሁሉ አያስስም። ፓዝ የተሰኘ የፎልደሮች ዝርዝር አለው፤ ያንን ዝርዝር ከላይ ወደ ታች እየተከተለ በየፎልደሩ ውስጥ ስሙን ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ያገኘውንም ያስነሣል። ብዙ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ በር ላይ ቆሞ «አበበ!» ብሎ እንደ መጥራት ነው፤ ሦስት አበበዎች ቢኖሩ ወደ በሩ የሚመጣው ለበሩ የሚቀርበው ነው፤ እርስዎ የፈለጉት እሱን ይሁን አይሁን በሩ አያውቅም። ፓይተን ከድረ ገጹ ሲጫን በመጫኛው የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ ላይ «ፓይተንን ወደ ፓዝ ጨምር» የምትል ትንሽ ሣጥን አለች፤ ሳይነኳት ካለፉ ባዶ እንደሆነች ትቀራለች፤ ፓይተኑም ያለ ስም በግቢው ውስጥ ይቀመጣል። በአንጻሩ ዊንዶውስ ከ2019 ወዲህ «ፓይተን» በሚል ስም የተዘጋጁ ባዶ ፋይሎችን በራሱ ፎልደር ውስጥ አስቀምጧል፤ ሥራቸውም ጠሪውን ወደ ስቶሩ መምራት ብቻ ነው። ስቶሩ የተከፈተብዎት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን የሚያደርጉት ነገር መጠየቅ ነው። በኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ዌር ፓይተን» ብለው ይጻፉ፤ በዚህ ስም የሚጠሩትን ፋይሎች ሁሉ ከነአድራሻቸው በቅደም ተከተል ይዘረዝርልዎታል፤ የመጀመሪያው መስመር መልስ የሚሰጠው ነው። የሚሠሩት በሌላው የዊንዶውስ የትእዛዝ መስኮት፣ በፓወርሼል፣ ከሆነ «ዌር» የሚለው ቃል በዚያ ሌላ ትርጉም ስላለው «ዌር ነጥብ ኢኤክስኢ» ብለው መጻፍ አለብዎት፤ ይህን ባለማወቅ ትእዛዙ ምንም አልመለሰልኝም የሚሉ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። በአድራሻው ውስጥ «ዊንዶውስአፕስ» የሚል ካዩ የስቶሩ ነው። ቀጥሎ «ፓይ ሰረዝ ዜሮ ፒ» የሚለውን ይሞክሩ። «ፓይ» ከድረ ገጹ ፓይተን ጋር የሚመጣ አስነሺ ፕሮግራም ሲሆን፣ የሚያውቃቸውን ፓይተኖች ከነሥሪታቸውና ከነአድራሻቸው ያሳያል።

ከዚያም ኮድዎን ከሚያስኬዱበት ከቪኤስ ኮድ ውስጥ ሁለት መስመር ያለው ፋይል ይጻፉ፤ በመጀመሪያው መስመር «ሲስ» የተባለውን ሞጁል ያስገቡ፣ በሁለተኛው «ሲስ ነጥብ ኤክሰኪዩተብል» የሚለውን ያሳትሙ። የሚወጣው አድራሻ በትክክል ኮድዎን እያስኬደ ያለው ፓይተን ነው። ይህ አድራሻ ፓንዳስን ከጫኑበት የተለየ ከሆነ ምሥጢሩ ተፈታ።

ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። እኔ የድረ ገጹን እመርጣለሁ፤ የተቀመጠበት ቦታ ግልጽ ነው፣ «ፓይ» አስነሺውም አብሮት ይመጣል። የስቶሩን ያራግፉ፤ በስታርት መፈለጊያ ላይ «አፕ ኤክሰኪዩሽን ኤልያስስ» ብለው ጽፈው በሚከፈተው ገጽ ላይም «ፓይተን» የሚል ስም ያላቸውን ያጥፏቸው። ቪኤስ ኮድ ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ፒን አንድ ላይ ተጭነው «ፓይተን፦ ሰሌክት ኢንተርፕሪተር» የሚለውን ይምረጡና የያዙትን ፓይተን ያመልክቱት። በፓዝ ላይ ለውጥ ካደረጉ ተርሚናሉንም ቪኤስ ኮድንም ዘግተው እንደገና ይክፈቱ፤ ፕሮግራም ፓዝን የሚያነበው ሲነሣ ስለሆነ ቀድሞ የተከፈተ መስኮት የሚሠራው በአሮጌው ዝርዝር ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ «ፒፕ ኢንስቶል» ብቻ ብለው መጻፍን ይተዉ። በምትኩ «ፓይ ሰረዝ ኤም ፒፕ ኢንስቶል ፓንዳስ» ይበሉ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ይሁንና በመጀመሪያው አጻጻፍ የትኛው ፒፕ እንደሚመልስልዎ ለፓዝ ትተውታል፣ በሁለተኛው ግን «ይህ ፓይተን የራሱን ፒፕ ይጥራ» ብለው ወስነዋል። ከዚህም አልፈው ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን ቨርችዋል ኢንቫይሮመንት (ላይብረሪዎቹ ለብቻቸው የሚቀመጡበት ስፍራ) ቢከፍቱ፣ ማለትም በሥራው ፎልደር ውስጥ «ፓይ ሰረዝ ኤም ቬንቭ» ብለው የፎልደር ስም ቢሰጡት፣ የአንዱ ሥራ ላይብረሪ ከሌላው ጋር አይጋጭም። ይህ መሣሪያ ከ2012 ጀምሮ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ በመሆኑ የሚያወርዱት ነገር የለም። በፓወርሼል ሲያነቁት «በዚህ ሲስተም ላይ ስክሪፕት ማስኬድ ተከልክሏል» ቢልዎት አይደንግጡ፤ የዊንዶውስ መደበኛ ጥንቃቄ ነው። በኮማንድ ፕሮምፕት ቢያነቁት ክልከላው አይመለከትዎትም፤ ወይም የፓወርሼሉን «ኤክሰኪዩሽን ፖሊሲ» ለራስዎ አካውንት ብቻ «ሪሞት ሳይንድ» ወደሚለው ደረጃ መለወጥ ይችላሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። የልምምድ ፋይልዎን «ፓንዳስ ነጥብ ፓይ» ብለው ሰይመውት እንደሆነ ይመልከቱ። ፓይተን ሞጁል ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው ኮዱ ያለበትን ፎልደር ስለሆነ የእርስዎን ፋይል አግኝቶ እውነተኛውን ላይብረሪ ሳይደርስበት ይቀራል። አንድ ተማሪ የልምምድ ፋይሉን «ራንደም» ብሎ በመሰየሙ ግማሽ ቀን አብረን ስንደክም ውለናል።

ጥያቄ፦ አባቴ በእጃቸው ጽፈው የተዉትን የምሳሌያዊ አነጋገር ስብስብ ወደ ኮምፒውተር እያስገባሁ ነው፤ በፓይተን አማካይነት በፊደል ተራ ላሰልፈው እፈልጋለሁ። አንዳንዱ ፋይል ያለ ችግር ይነበብና ሲታተም የማይታወቅ የምልክት መዓት ይሆናል፤ አንዳንዱ «ቻርማፕ» የሚል ቃል ያለበት የስሕተት መልእክት አውጥቶ ይቆማል። በጥቁሩ መስኮት ላይ ደግሞ አራት ማዕዘን ሣጥኖች ብቻ የማይበት ጊዜ አለ። ዊንዶውሱ አማርኛ አይችልም ማለት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ይችላል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቋሚ ቁጥር አለው፤ ፓይተን 3ም ጽሑፍን ሁሉ የሚይዘው በዩኒኮድ ነው። የእርስዎ ችግር ፊደሉ ከዲስክ ወደ ፓይተን ሲሻገር የሚደርስበት ነው። ሦስት የተለያዩ ምልክቶችን ስለጠቀሱልኝም አመሰግናለሁ፤ ሦስቱ የሚመጡት ከሁለት የተለያዩ መንሥኤዎች ነው።

ከቀላሉ ልጀምር። አራት ማዕዘን ሣጥን ካዩ ጽሑፉ ደኅና ነው። ሣጥን ማለት ፕሮግራሙ ፊደሉን በትክክል ያውቀዋል፣ ነገር ግን መስኮቱ የሚጠቀምበት ፎንት ያ ፊደል የለውም ማለት ነው። በዊንዶውስ ተርሚናል ወይም በቪኤስ ኮድ ውስጥ ባለው ተርሚናል ቢከፍቱት ብዙውን ጊዜ ሣጥኖቹ ፊደል ይሆናሉ። ጽሑፉን ገልብጠው ወደ ሌላ ፕሮግራም ቢለጥፉትም ፊደሉ ይወጣል፤ ይህን በማድረግ ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ።

የምልክት መዓቱና የ«ቻርማፕ» መልእክት ግን ከአንድ ምንጭ የሚፈልቁ ናቸው። ፋይልዎ የተቀመጠው ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ይመስለኛል፤ በዚህ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ፓይተን ደግሞ በዊንዶውስ ላይ ፋይል ሲከፍት አጻጻፉ ካልተነገረው የኮምፒውተሩን መቼት ይከተላል፤ በአሜሪካ መቼት ይህ 1252 የተባለው የምዕራብ አውሮፓ ፊደላት ሠንጠረዥ ነው። ይህ ሠንጠረዥ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ ፊደል ስለሚቆጥር አንዱ ፊደላችን ሦስት ምልክት ይሆናል። የግዕዝ ፊደላት መደበኛ ክልል የመጀመሪያ ባይት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት በመሆኑም በላዩ ጭረት ያለበት የላቲን «ኤ» በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰ ይታያል። ይህንን መልክ አንድ ጊዜ ካወቁት ከሩቅ ይለዩታል።

አንዱ ፋይል ዝም ብሎ የሚነበበው፣ ሌላው የሚቆመው ለምንድን ነው? መልሱ በሠንጠረዡ ውስጥ ባሉት ክፍት ቦታዎች ላይ ነው። ሠንጠረዥ 1252 ከ256 ቦታዎቹ ውስጥ አምስቱን ባዶ ትቷቸዋል። «አበበ» የሚለው ቃል ዘጠኝ ባይቶች ሁሉም በሠንጠረዡ ላይ የሆነ ምልክት ስላላቸው ፓይተን ያለ ምንም ቅሬታ ዘጠኝ የተዘበራረቁ ምልክቶች ያነባል። «ሰላም» የሚለው ቃል ግን የ«ም» የመጨረሻ ባይት ከባዶዎቹ በአንዱ ላይ ስለሚያርፍ «ይህን ባይት ልተረጉመው አልችልም» ብሎ ይቆማል። «ው» እንዲሁም አራት ነጥቡ «።» ከነዚሁ ባዶ ቦታዎች ጋር የሚገጥሙ ናቸው። ስለዚህ ረዘም ያለ የአማርኛ ጽሑፍ መቆሙ የማይቀር ነው፤ የቆመው ደግሞ ከተነበበው ይሻላል፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ የተነበበው የተሳሳተ ጽሑፍ ተመልሶ ሊቀመጥና የአባትዎን ሥራ ሊያበላሽ ይችላል።

መፍትሔው አጭር ነው። ፋይል በሚከፍቱበት ቦታ ሁሉ፣ ለማንበብም ይሁን ለመጻፍ፣ «ኢንኮዲንግ» (አጻጻፍ) ለሚለው መለኪያ «ዩቲኤፍ ሰረዝ 8» የሚል ዋጋ ይስጡ። በየቦታው መጻፉ ቢሰለችዎ «ፓይተን ዩቲኤፍ 8» የተባለውን የሲስተም ተለዋዋጭ፣ ስሙን ያለ ክፍተት በትልልቅ ፊደል ጽፈው፣ 1 ብለው ይሙሉት፤ ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ይሠራል። ከሥሪት 3.15 ጀምሮ ደግሞ ይኸው አካሄድ መደበኛ እንዲሆን ተወስኗል። እኔ ግን በኮዱ ውስጥ በግልጽ መጻፉን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ኮዱ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ሲሄድ የእርስዎ መቼት አብሮት አይሄድም። ውጤቱን በኤክሴል ለመክፈት ካሰቡ በዩቲኤፍ-8 ላይ «ሲግ» የሚል ቅጥያ ያለውን ይጠቀሙ፤ ኤክሴል አጻጻፉን የሚያውቅበትን ምልክት በፋይሉ ራስ ላይ ያኖራል።

ሁለት ጥንቃቄዎች አሉኝ። ፋይሉን ሲከፍቱት በፊደል ፈንታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ካዩ፣ ጽሑፉ ቀድሞውኑ የግዕዝ ፊደል በሌለበት ሠንጠረዥ ተቀምጧል፤ ፊደሉ ከፋይሉ ጠፍቷልና በኢንኮዲንግ ለውጥ አይመለስም፤ ቅጂ ካለዎት ከዚያ ይጀምሩ። ዩኒኮድ ከመስፋፋቱ በፊት በነበሩት የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ካለም ያ ፋይል በውስጡ የያዘው የላቲን ፊደላትን ነው፤ የግዕዝ መልክ የሚሰጠው ፎንቱ ብቻ ስለሆነ ለዚያ ፎንት የተዘጋጀ መቀየሪያ ያስፈልገዋል። ስለ ፊደል ተራው አይስጉ፤ በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ላይ ፊደሎቻችን የተሰለፉት በሀ ሁ ቅደም ተከተል ስለሆነ የፓይተን ተራ «ሶርት» ለሥራዎ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ከመጽሐፍ ላይ ቃል በቃል የገለበጥኩት ኮድ «ኢንቫሊድ ካራክተር» እያለ አስቸገረኝ። ሁለት ነጥቡ በቦታው አለ፤ ምንም የጎደለ አይታየኝም። (ከአዳማ)

መልስ፦ ከመልእክቱ ጎን በቅንፍ «ዩ+1361» የሚል ቁጥር እንዳለ ይመልከቱ። ካለ፣ የጻፉት የእኛን የቃል መለያ ሁለት ነጥብ «፡» ነው እንጂ ፓይተን የሚጠብቀውን የላቲኑን ሁለት ነጥብ አይደለም። ኪቦርዱ በአማርኛ እንደተከፈተ ቆይቶ ይሆናል። ለዓይን አንድ ቢመስሉም ለኮምፒውተሩ ሁለት የማይዛመዱ ምልክቶች ናቸው፤ ነጠላ ሰረዝን በ«፣» መተካትም ያው ስሕተት ነው። በኤዲተሩ የመፈለጊያና የመተኪያ ሣጥን በአንድ ጊዜ ያስተካክሏቸው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ። ፓይተን 3 በአማርኛ ፊደል የተጻፈ የተለዋዋጭ ስም ይቀበላል፤ ለጀማሪ ልጆች ሲያስተምሩ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። ነገር ግን በአንድ መስመር «ስም»፣ በሌላው «ሥም» ብለው ከጻፉ ፓይተን ሁለት ስሞች አድርጎ ይቆጥራቸውና «እንዲህ የሚባል ስም አልተገለጸም» ይላል። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ሲጠቀሙ አንዱን መርጠው እስከ መጨረሻው በዚያው ይጽኑ።

ጥያቄ፦ በቢሯችን ባለ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ፒፕ ምንም ነገር ማውረድ አልቻለም፤ «የሰርተፊኬት ማረጋገጥ አልተሳካም» ይላል። አንድ ባልደረባዬ ፒፕን ድረ ገጹን ሳያጣራ እንዲያምነው የሚያደርግ ትእዛዝ ሰጠኝና ሠራልኝ። በዚሁ ልቀጥል ወይ? (ከደሴ)

መልስ፦ በዚያ አይቀጥሉ። ያ ትእዛዝ የሚያደርገው፣ ከሌላኛው ጫፍ የሚመልሰው ማን መሆኑን ሳይጠይቁ የተሰጠዎትን ፕሮግራም ተቀብሎ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ማስኬድ ነው። ባልደረባዎ ሊረዱዎት አስበው ነው፤ ነገር ግን መልእክቱ ዝም እንዲል ተደረገ እንጂ ጥያቄው አልተመለሰም።

በቅድሚያ በስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን ይመልከቱ። እያንዳንዱ ሰርተፊኬት፣ ማለትም ድረ ገጽ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት ዲጂታል መታወቂያ፣ የሚጸናበት ቀን መጀመሪያና መጨረሻ አለው፤ ከ2020 መስከረም ወዲህ የሚሰጡት የድረ ገጽ ሰርተፊኬቶች ከ398 ቀናት በላይ ዕድሜ ካላቸው ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች አይቀበሏቸውም፤ ብዙዎቹ የሚጸኑት ለ90 ቀናት ብቻ ነው። የኮምፒውተርዎ ቀን ዓመታት ወደ ኋላ ከቀረ በዓለም ላይ ያለው ሰርተፊኬት ሁሉ «ገና ያልጸና» ይሆንበታል። በእኛ አገር ይህ በሁለት መንገድ ይደርሳል። አንደኛው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ስታልቅ ነው፤ ኮምፒውተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳና ወደ ፋብሪካው ቀን ይመለሳል። ባትሪዋን መቀየር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ያሳስበኛል፤ ከቅን ልቦና የሚመጣ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። አንድ ሰው ለቢሮው ደብዳቤ እንዲመች ብሎ የኮምፒውተሩን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያስተካክለዋል። ኮምፒውተሩ ይህን የሚያነበው እንደ ጎርጎርዮሳዊ ዓመት ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር፣ ጠዋቱን ከአንድ ሰዓት ጀምረው የሚያስተካክሉ አሉ፤ ይህ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሰርተፊኬትን ብዙ ጊዜ ባይነካም የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት በተባለው ፕሮግራም የተመዘገበ ሥራ ካልተሠራበት ሰዓት ጋር ይቀመጣል። ቀኑን በጎርጎርዮሳዊው፣ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ ተብሎ በሚታወቀው፣ ከዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት ሦስት ሰዓት በሚቀድመው ክልል ላይ ያድርጉትና የኢትዮጵያን ቀን ለማሳየት ለዚያው የተሠራ ፕሮግራም ይጠቀሙ።

ቀኑ ትክክል ሆኖ መልእክቱ ከቀጠለ፣ የቢሮው ኔትወርክ ወይም አንቲቫይረሱ ግንኙነቱን በመሀል እየከፈተ በራሱ ሰርተፊኬት መልሶ ያሽገው እንደሆነ የኔትወርክ ኃላፊውን ይጠይቁ። እንደዚያ ከሆነ የመሥሪያ ቤቱን ሰርተፊኬት ለፒፕ ማሳወቅ ይቻላል፤ ማጣሪያውን ማጥፋት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ቤተ ሙከራችን 20 ኮምፒውተሮች አሉት፤ ኢንተርኔት የለንም። ግማሾቹ ዊንዶውስ 7 ናቸው። ለተማሪዎቼ ፓይተንንና ጥቂት ላይብረሪዎችን በፍላሽ ማምጣት ይቻላል ወይ? (ከጎንደር ዙሪያ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ጥረትዎንም ከልብ አደንቃለሁ። መጀመሪያ የኮምፒውተሮቹን ዓይነት በወረቀት ይመዝግቡ፤ የትኛው ዊንዶውስ እንደሆነና 32 ቢት ወይም 64 ቢት መሆኑን ያስፍሩ። ዊንዶውስ 7ን የሚደግፈው የመጨረሻው ፓይተን 3.8 ነው፤ 3.9ና ከዚያ በላይ ያሉት በዚያ ላይ አይጫኑም። ፓይተን 3.8 ድጋፉ በ2024 ጥቅምት ያበቃ ስለሆነ ከኢንተርኔት ጋር ለሚገናኝ ኮምፒውተር አልመርጠውም፤ ከኔትወርክ ውጭ ላለ መማሪያ ክፍል ግን ያገለግላል። ተማሪዎቹ አንድ ዓይነት ነገር እንዲያዩ ሁሉንም 20 ኮምፒውተሮች በ3.8 ማድረጉ ሥራዎን ያቀልልዎታል።

ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ላይ «ፒፕ ዳውንሎድ» የሚለው ትእዛዝ ላይብረሪውን ሳይጭን ያወርደዋል፤ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ላይብረሪዎችም አብሮ ያመጣል፤ ለምሳሌ ፓንዳስን ሲጠይቁት ነምፓይን ይጨምርልዎታል። የሚወርዱት ፋይሎች ዊል ይባላሉ፤ ስማቸው ላይ «ሲፒ38» የሚል ካለ ለፓይተን 3.8 የተዘጋጀ ነው፣ «ዊን» እና «ኤኤምዲ64» የሚል ካለ ለ64 ቢት ዊንዶውስ ነው። «ኤኤምዲ» ማለቱ አያሳስብዎ፤ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላለውም ይሠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በራሱ ላፕቶፕ ላይ ባለው ፓይተን 3.12 ያወርድና ቤተ ሙከራ ሲደርስ «ተስማሚ ሥሪት አልተገኘም» የሚል መልስ ያገኛል። ስለዚህ ሲያወርዱ የፓይተኑን ሥሪት 3.8፣ ፕላትፎርሙን 64 ቢት ዊንዶውስ ብለው በትእዛዙ ላይ ይግለጹ፤ ይህን ሲያደርጉ «ኦንሊ ባይነሪ» የሚለውን አማራጭ «ኦል» ብሎ መጨመር ግዴታ ነው። ጥቅሙም ብዙ ነው፤ ያለዚያ ፒፕ ያልተጠናቀረ ምንጭ ኮድ ሊያመጣልዎ ይችላል፣ ያን ለመጫን ደግሞ በየኮምፒውተሩ ላይ የሲ ቋንቋ ኮምፓይለር ያስፈልጋል።

ማውረዱ በመሀል እየተቋረጠ ካስቸገረዎ የፒፕን የመጠበቂያ ጊዜ ያርዝሙት። ሳይነኩት 15 ሴኮንድ ነው፤ ለደካማ መስመር ይህ በጣም አጭር ስለሆነ 100 ሴኮንድ ቢያደርጉት እፎይታ ያገኛሉ። ላይብረሪዎቹን አንድ በአንድ ማውረድም ይጠቅማል፤ አንዱ ቢቋረጥ ያለቁት በፎልደሩ ውስጥ ይቆዩልዎታል።

በቤተ ሙከራው ሲጭኑ ለፒፕ ሁለት ነገር ይነግሩታል፦ ወደ ኢንተርኔት እንዳይሄድ፣ ይህም «ኖ ኢንዴክስ» በሚለው አማራጭ ነው፤ ቀጥሎም የፍላሹን ፎልደር እንዲመለከት፣ ይህም «ፋይንድ ሊንክስ» በሚለው ነው። የላይብረሪዎቹን ስም ከነሥሪታቸው በአንድ የጽሑፍ ፋይል ዘርዝረው ከዊሎቹ ጎን ያስቀምጡ፤ በየኮምፒውተሩ አንድ ትእዛዝ ብቻ ይበቃዎታል። ሃያውንም ከመጀመርዎ በፊት ግን በአንዱ ኮምፒውተር ላይ የኔትወርክ ገመዱን ነቅለው ከፓይተኑ መጫኛ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ላይብረሪ ድረስ ይሞክሩት፤ የጎደለ ፋይል ካለ ከተማ ሳሉ ይታወቅ። የፍላሹንም አንድ ቅጂ በመምህራን ክፍል ባለ ኮምፒውተር ላይ ያኑሩ።